ድንጋይ ባለበት ሁሉ የተቀደደ ቦይ

ልጄ ማንም ያላስተማራትን ልማድ ስታመጣ የቱን ላስተዋት፣ የቱን ልተውላት? ይሄ ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰልኝም።

ትርሲት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ቀን አማቴ ዘንድ፣ ማታ እኔ ዘንድ ናት። ጠዋት ሳደርሳት እንዴት እንዳደረች በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ አማቴም አዋዋሏን ጽፈው ይመልሱልኛል። አሁን ልጅቷ ሙዝ ካልያዘች አታርፍም፣ በር ላይ ካልተጨበጨበላት አትገባም። እኔም አድርጉ አላልኩ፣ እሳቸውም አላሉ። ልጄን አበላሸናት ብዬ ፈርቼ የሰፈራችን የውሃ አባት ሆነው የመስኖ ውሃ ያከፋፍሉ የነበሩትን አያ ይመኑን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ።

«አንድ ገበሬ ነበረ። ማሳው የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ቦያቸውን ሲያገናኙ ከሁሉ በላይ የጨፈረው እሱ ነበር። ውሃው ግን አልደረሰውም፣ ሽንኩርቱ ጠወለገ። ሽቅብ ወጥቶ ቢያይ ማንም ያላዘዘው ቅርንጫፍ ቦይ አስራ አንድ ቆጠረ። ለካ የላይ ሰዎች ቦይ ሲጠርጉ ‹ዛሬ እዚህ ደረስን› ለማለት ድንጋይ ያስቀምጣሉ። በታች ሰፈር ደግሞ ድንጋይ ማለት ‹እዚህ ቅደድ› ነው። የታች ጎረምሶች ድንጋይ ባዩበት ሁሉ ቀደዱ።

ገበሬው በንዴት ሁሉንም ሊደፍን አካፋ አነሳ። ግን ቆም አለና ከላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ጠርቶ አብረው ሄዱ። ‹ይሄን ድንጋይ ለምን አኖራችሁት?› ይላል። ‹እዚህ ደክሞን ተቀመጥን።› ይደፍናል። ‹እዚህ ምሳ በላን።› ይደፍናል። እንዲህ እየሳቁ አስሩን ደፈኑ። አስራ አንደኛው ግን የአንዲት መበለት ደርቆ የነበረ ጌሾ ሥር ገብቶ አለምልሞታል። ‹እሱም ምልክት ብቻ ነበር› አሉት ሽማግሌው። ገበሬው አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገና ‹እንግዲህ ይኑራ› ብሎ አለፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽንኩርቱ ጠጣ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩ ወረቀትሽ ነው። አንቺ እንዲህ ሆነ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ አማትሽ እንዲህ ይደረግ ብለው ያነባሉ። አንቺም የሳቸውን እንደዚያው። ሳትጠይቂ አትድፈኚ» አሉኝ።

በማግስቱ ከአማቴ ጋር ወረቀቶቹን ዘርግተን ተጠያየቅን። ሌላ ነገር አጥቼ ሙዝ የሰጠኋትና የጻፍኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር። አማቴ ሙዝ ፍለጋ ስንት ሱቅ እንደዞሩ ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሱን ደፈንነው።

ጭብጨባውም አማቴ አንድ ቀን በር ላይ አጨብጭበውላት ስለጻፉት የመጣ ነው፤ እሱ ግን ቸገረኝ። በዝናብም ቢሆን ካልተጨበጨበላት በር ላይ ቆማ ትበሰብሳለች፤ እንዳትታመምብኝ እፈራለሁ። ደክሞኝ ስመጣ ደግሞ የሚያስቀኝ እሱ ነው፤ አማቴም ምርኩዛቸውን ጥለው ያጨበጭባሉ። እናቶች የሆናችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ትደፍኑታላችሁ ወይስ ይኑራ ትላላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።