ጃርት ያስደፈነው ጉድጓድ

ተረት ተረት፤ ያላረሰ አይብላ፣ ያልሰማ አያውራ።

በአንድ አገር ነብር ምንጭ ላይ ተቀምጦ፣ ውኃ ሊጠጣ ከሚመጣው ሁሉ ግልገል እየነጠቀ ይበላ ነበር። ጃርት ይህን አይቶ ሸፈተ። ጓደኛው ፍልፈል ከጫካው እስከ ምንጩ ድረስ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረለት። ጃርት በዚያ ወጥቶ ነብሩን መዳፉ ላይ ወጋው። ነብር እያነከሰ አገር ለቆ ጠፋ፤ አራዊቱም ጃርትን በእልልታ አነገሡት።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም እንደ ልቡ ጠጣ። ዋል አደር ሲል ጃርት ምንጩን በእሾህ አጠረና፣ ያልሰገደልኝ አይጠጣም አለ። የመጣበትንም ጉድጓድ በድንጋይ አስደፈነው።

ፍልፈል ይህን ሰምቶ መጣ። "ወንድሜ ጃርት፣ ይህችን ቀዳዳ እንኳ ተዋት፤ ለክፉ ቀን ትሆንሃለች።"

"ወንድሜ ድሮ ቀረ!" አለው ጃርት። "እኔን ያመጣች ቀዳዳ ሌላም ታመጣለች።"

ፍልፈል አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

በጋው ሲጠና አራዊቱ በከርከሮ መሪነት በጃርት ላይ ተነሡ። ፍልፈል ከመሬት ሥር ሆኖ ድንጋዩ ሲቧጠጥ ሰማ።

"ወንድሜ! ድረስልኝ!"

ጥፍሩ እስኪደማ ቆፈረ። ድንጋዩን ፈንቅሎ ብቅ ሲል ግን ጃርት ሞቷል፤ እሾሁም ተበትኗል። ፍልፈል አጠገቡ ተቀምጦ አለቀሰ።

ከርከሮ ጠጥቶ ጠገበና ዞር አለ።

"አይ ፍልፈል፣ እንኳን መጣህ። በል፣ ያንን ድንጋይ መልሰህ ግጠመው።"

የኔ ተረት እዚህ ቆመ፤ የሰማ ይዝራው።