ለክፉ ቀን የተቀመጠችው ማርሽ

አንድ የማር ነጋዴ ነበር፤ ጓንጉል ይባላል። ከጫካ ዳር መንደሮች ማር እየሰበሰበ በበቅሎ ሲያመላልስ ኖሮ ፀጉሩ ሲሸብት መኪና አማረው። የተመኘው አዲስ መኪና አልነበረም። የከተማው ሰው «እሜቴ» እያለ የሚጠራትን፣ ጋሽ ይርዳው የተባሉ አዛውንት ሹፌር ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዷትን አሮጌ ጂፕ ነበር።

እሜቴ እንደ ዋዛ የምትታይ አልነበረችም። ሲያስፈልግ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ዳገት ስትወጣ ዝንጀሮዎች ተሰልፈው ያሳልፏት ነበር፤ ሽማግሌው ዝንጀሮ እጅ እንደነሳትም የሚናገሩ አሉ። ጥሩንባዋ ሲነፋ የወንዝ ማዶ አውራ ዶሮዎች በጠራራ ፀሐይ የነጋ መስሏቸው ይጮኻሉ። ጋሽ ይርዳውም ጠዋት ጠዋት «እሜቴ፣ ደህና አደሩ?» ብለው መልሷን ሳይሰሙ ጋቢና አይገቡም። የማያምን ሄዶ ዝንጀሮዎቹን ይጠይቅ።

የጋሽ ይርዳው ዓይን ሲደክም እሜቴን ለጓንጉል ለቀቁለት። ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት ከትልቁ ማርሽ አጠገብ ያለችውን ራሷ ቀይ የሆነች አጭር ዘንግ አሳዩት።

«ይህችን ታያለህ? የፊት ጎማዎቹን የምትቀሰቅሰው ይህች ናት። በየሰንበቱ አስገባትና አጨዳው ካለቀ ማሳ ላይ ቀስ እያልክ አንሸራሽራት።»

«ጭቃ በሌለበት?»

«ጭቃ በሌለበት።»

«ምን ለማግኘት ጋሼ?»

«አንተ ሰው የምትጠይቀው ሲቸግርህ ብቻ ነው?» አሉና ሳቁ።

ጓንጉል ሽማግሌው ከመኪናቸው ሲለዩ ሆድ ብሷቸው ነው ብሎ አለፈው።

እሜቴን ግን ከልቡ ወደዳት። ዘይቷን ጊዜውን ጠብቆ ይቀይራል፣ ብሎኖቿን ያጠብቃል፣ ለመቀመጫዎቿ ዳንቴል አሠርቷል። በራፍ ላይ አቁሞ ሲወለውላት ፀሐይዋ ራሷ መልኳን ልታይባት ዝቅ ትል ነበር። ሚስቱ እታፈራሁ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እኔን እንዲህ አንድ ቀን እንኳ ዓይተኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች። ቀይዋን ማርሽ ግን አልነካትም። ራሷን በከፋይ ጨርቅ ሸፈናትና፣ «የእሷን ጉልበትማ ላስቀምጠው፤ ለክፉ ቀን ትሁነን» አለ።

ጓንጉል እንዲህ ያለ ሰው ነበር። የሠርጉ ብርጭቆዎች ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተቆለፉ ናቸው። ለክቡር እንግዳ ያለው ነጭ ማር እንግዳው ሳይመጣ ደርቆ በመሮ እንኳ የማይፈለፈል ሆኗል። እኅቱ ከወንዙ ማዶ ትኖራለች፤ የሚሄድባት ለለቅሶ ብቻ ነው።

ጋሽ ይርዳው መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ «እሜቴን ታንሸራሽራታለህ?» ይሉታል።

«ደህና ናት ጋሼ። እያረፈች ነው።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ይቋጥራሉ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይርዳው ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። ሐኪም ቤቱ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነበር፤ ጭቃውም በቅሎ ከነጭነቷ ውጦ የሚያገሳ ዓይነት። የሚደፍረው ሌላ መኪና ጠፋ። ጓንጉል ከኋላ ፍራሽ አነጠፈ። እታፈራሁ ጤና አዳም የገባበት ሻይ በፔርሙዝ ይዛ የሽማግሌውን ራስ ጭኗ ላይ አስደገፈች።

የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ። መኪናዋ ወደ ቦዩ ተንሸራትታ ጠርዙ ላይ ቆመች። ጓንጉል ከፋዩን ገፈፈና ቀይዋን ማርሽ ገፋት። ንቅንቅ አላለችም። በሁለት እጁ ገፋት፣ በእግሩም ረገጣት፤ የዋርካ ሥር ይመስል ቆመች።

«ጓንጉል» አሉ ሽማግሌው ከኋላ።

«አቤት ጋሼ።»

«አላንሸራሸርካትም።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው» አለ ጓንጉል።

«ይኸው ቀኑ መጣልህ። እሷ ግን ሥራዋን ረስታለች።»

ጓንጉል አፍሮ የክሪኩን ብረት አነሣ፤ በጉልበት ሊመታት ቃጣ። በዚያው እጁ አየር ላይ ቀረ። ክዳኑ የደረቀ የማር ቆርቆሮ ትዝ አለው። ያንን ክዳን ማንም አይመታውም፤ ከተመታ ይጣመማል፤ ጣጣው የባሰ ነው። ይሞቃል፣ ይባበላል፣ ቀስ ተብሎ ይነቀነቃል። የመኪናዋን ወለል ቆርቆሮ ፈትቶ አነሣ። የዘንጓ መገጣጠሚያ ዝገት በልቶት ቡናማ ሆኗል።

«ሻዩን አምጪልኝ!»

«ለጋሼ እኮ ነው ያፈላሁት!»

«ስኳር አለው?» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«የለውም ጋሼ፣ ለበሽተኛ ብዬ።»

«እንግዲያው እሜቴ ትጠጣው። እኔ ያለ ስኳር አልወድም።»

ጓንጉል የፈላውን ሻይ መገጣጠሚያው ላይ አፈሰሰ። ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ቦኔቷን ከፈተና የዘይት መለኪያ ዘንጉን ከሞተሩ እየነከረ ትኩስ ዘይት አንጠባጠበበት። በመዶሻ የእንጨት እጀታ ቀስ እያለ ኳ ኳ አደረገው፤ ማርሿን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ዝገቱ ፍርፍር እያለ መውደቅ ጀመረ።

«ጓንጉል፣ ቶሎ በል» አለች እታፈራሁ። «እጃቸው ቀዘቀዘብኝ። ማውራቱንም ትተዋል።»

የጓንጉል እንባ ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን እንደ ሰው አናገራት፦ «እሜቴ፣ አጥፍቻለሁ። ይማሩኝ።»

ቋ!

ማርሿ ገባች። የፊት ጎማዎቹ ነቁ፤ ጭቃውን ነክሰው ጎተቷት። እሜቴ አጓራች። ዳገቱን የወጣችው እሷ ትሁን ወይስ ዳገቱ ፈርቶ ዝቅ ያለላት እስካሁን ያከራክራል። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስትቆም ከቦኔቷ የጤና አዳም ሽታ ያለው ጭስ ይወጣ ነበር።

ጋሽ ይርዳው ከቀዶ ጥገናው ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «እሜቴስ?» ብለው ነው።

«ደህና ናት ጋሼ። ሻይ ለምዳለች፤ አሁን ካልጠጣች አትነሣም።»

ሽማግሌው ሲስቁ ስፌታቸው ሊተረተር ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሰንበቱ ጓንጉል ጋሽ ይርዳውን ከጎኑ አስቀምጦ ቀይዋን ማርሽ ያስገባና በደረቅ ማሳ ላይ ይንሸራሸራል። የሚስቁበት አሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። የሠርጉ ብርጭቆዎች በአዘቦት ቀን ወጡ። የደረቀው ማር ሞቀና ጎረቤት ሁሉ በላው። አንድ ቀን ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ እኅቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ስታየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

እኅቱ ቆማ አየችው፤ ከዚያም አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ጓንጉል እሜቴን የጎዳት እየወደዳት ነው። ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን። ደግ ቃላችንን፣ ይቅርታችንን፣ ወዳጅ መጠየቂያ እግራችንን ለክፉ ቀን ብለን ሸፍነን እናስቀምጣለን። ክፉው ቀን ሲመጣ ግን የሚታዘዘን በደጉ ቀን ያሠራነው ብቻ ነው። እርስዎስ ከፋይ ያለበሷት ማርሽ የትኛዋ ናት? እስቲ ዛሬ ገልጠው ይግፏት። እምቢ ካለችዎ አይምቷት፤ ሻይ ያፍሉላት።