ገል አምባ ስሙን ያገኘበት ፋሲካ

በወገራ ምድር ገል አምባ የሚባል ጉብታ አለ። አፈሩን ጫር ጫር ቢያደርጉት የጋን አፍ፣ የእንስራ ጆሮ፣ የድስት ስባሪ፣ ብቻ ገል በገል ይወጣል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ቦታው ድሮ ለጥ ያለ ሜዳ ነበር፤ ከሜዳው ዳር ደግሞ ወንዶቹ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ የሚሠሩ የቤተ እስራኤል ሰዎች ይኖሩ ነበር። በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ ግን አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ የለም።

ባላምባራስ ደርሶ የሚባል የአገሩ ገዥ ቀጥቃጮቹን ግቢው አስገብቶ፣ እግራቸውን በሰንሰለት አስሮ ጦር ያሠራቸው ነበር። ሚስቶቻቸውንም፣ «ያዘዝኋችሁን ሸክላ ስትጨርሱ ባሎቻችሁን ትወስዳላችሁ» ይላቸው ነበር ይባላል። ጨረሱ፤ ጨመረባቸው። ደግሞ ጨረሱ፤ ደግሞ ጨመረባቸው። ከሴቶቹ አንዷ እንጉዳይ ነበረች፤ ባሏ ውብነህ ሲወሰድ በሆዷ የነበረችው ልጅ አሁን አጠገቧ ተቀምጣ ጭቃ ታቦካለች።

በዚያ ዓመት ባላምባራሱ ልጁን ሊድር ነበርና ብዙ ጋንና ድስት አዘዘ። ሴቶቹ ሠርተውና ተኩሰው በየደጃቸው ደረደሩት። ቸኮለ የሚባለው ምስለኔው ግን ለሠርጉ እንዲደርስ ብሎ፣ ክርስቲያን ባላገሮችን አተላ አሸክሞ መጣና አዲሶቹን ጋኖች እዚያው አሟሻቸው። ስሕተቱ ይህ ነበር፤ አተላ እርሾ አለበት። ቤተ እስራኤሎች በፋሲካ እርሾ የነካው ዕቃ በደጃቸው አያድርም፤ ሰብረው በአዲስ ይተኩታል። ፋሲካው የሚገባው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ነበር።

«ጌታው፣ ዛሬውኑ ይወሰድልን» አለችው እንጉዳይ።

«ሠርጉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ደግሞ እኔ የቡዳ ጋን ልሸከም እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

«ስትጠጡበትስ ቡዳው አይበላችሁም?»

አተላ ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቸኮለ ተቆጥቶ ሄደ።

እንጉዳይ ወደ ቤተ እስራኤሎቹ ቄስ ሮጠች። ቄሱ፣ «ልጄ፣ ሕጉ የራሳችንን እንድንሰብር ነው። ይህ የባላምባራሱ ነው» አሏት።

«ጭቃውን የረገጥሁት እኔ፣ የተኮስሁት እኔ። እጄ የሠራው የኔ ካልሆነ፣ አባ፣ ምኑን ነው ከግብፅ ወጣን የምንለው?»

የቄሱ መልስ በሁለት መንገድ ይነገራል። ገሚሱ ተነሥተው ጸሎት ቤት ገቡ ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ፣ «እንግዲያው ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ፍጠኑ» አሏት ይላል።

እንጉዳይ ትልቁን ጋን አቅፋ ቆመች። ከሰበረችው ውብነህን ዳግመኛ ላታየው እንደምትችል ታውቃለች፤ ካልሰበረችውም ስንት ዓመት ስትጠብቀው እንደኖረች ታውቃለች። ለቀቀችው። ድምፁ መንደሩን አናጋው። ወዲያው ጎረቤቷ ለቀቀች፤ የጎረቤቷ ጎረቤት ለቀቀች፤ ሜዳው በስባሪና በእልልታ ተሞላ! ገና ያልሄዱት አተላ ተሸካሚ ባላገሮችም መሸከሚያቸውን ወርውረው፣ «እኛስ እስከ መቼ ነው የምናርስለት?» እያሉ የየቤታቸውን እንስራ እያመጡ ከክምሩ ላይ ከሰከሱት።

ባላምባራሱ መንደሩን ላቃጥል ብሎ ነበር አሉ። ግን ሠርጉ ደርሷል፣ ሸክላ የሚሠራለት የለም፣ እርሻው ላይም አንድ ሰው አልወጣም። ስለዚህ ቸኮለን ላከ።

«ጋኑን ሥሩና ባሎቻችሁ ይፈታሉ ብሏል።»

«ይህን ቃል ስንሰማ ልጄ ጥርስ አብቅላ ነቀለች» አለች እንጉዳይ። «መጀመሪያ እነሱ ይምጡ። ጭቃውም ከበዓሉ በኋላ ነው።»

የቂጣው በዓል ሳያልፍ ቀጥቃጮቹ መጡ። ሰንሰለቱ ቢወልቅላቸውም እርምጃቸው አጭር ነበር፤ እግራቸው ገና አላመነም። ውብነህ ደጁ ሲደርስ በጭቃ የምትጫወት ልጅ አገኘ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የውብነህ» አለችው።

መሬት ላይ ቁጭ አለ ይባላል።

ዛሬ ከመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደዋል። እዚያም፣ ሌላም አገር፣ ለመብታቸው ሰልፍ ሲወጡ ገል በኪሳቸው የሚይዙ እንዳሉ ይነገራል። እዚህ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ከእስር የተፈታ ሰው ሲመጣላቸው፣ እቤት ከመግባቱ በፊት ደጁ ላይ ሸክላ ያሰብሩታል። ቤተሰቡ ሰስቶ የተሸነቆረ እንስራ ይዞ ብቅ ያለ እንደሆነ ግን መንደሩ በሙሉ ይጮህበታል፦

«እሱን መልሱት! አዲሱን አምጡ፣ አዲሱን!»