ሳይጠየቅ የማይናገረው መለኪያ

በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድይፍራው «ካልጠየቅሁ ማንም አፉን እንዳይከፍት!» ብለው ሕግ አውጥተው ነበር። አንድ ቀን የሳሙና ማፍያው ጋን ከልክ በላይ ግሎ ሳሙናው አረረ፤ ክርፋቱም ቢሯቸው ድረስ ገባ።

መለኪያዎቹን የምትከታተለውን ሠራተኛ አስጠርተው፣ «ይህ የጋኑ ሙቀት መለኪያ እያየ ለምን ዝም አለ? ጥፋተኛውን አሁኑኑ ካላመጣሽ አንቺን አባርራለሁ!» አሏት።

«ጌታዬ፣ እሱ ሙቀቱን ሬጅስተር በሚባል የቁጥር ማስቀመጫው ላይ ይይዛል እንጂ፣ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር ሞድባስ በሚባለው የመገናኛ መስመር ካልጠየቀው አይናገርም።»

«ኮምፒውተሩስ ለምን አልጠየቀውም?»

«ሸለብ ሲያደርገኝ ይጮህብኛል ብለው እርስዎ አጠፉት።»

«ይህን እያወቅሽ አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

እንጀራዋ በዚህች መልስ ላይ መንጠልጠሉን አውቃ አንገቷን ደፋች።

«አልጠየቁኝማ፣ ጌታዬ። እኔም መለኪያውም ሕግዎን አክብረናል። ሳይጠየቅ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ የተናገረው ያረረው ሳሙና ብቻ ነው፤ እሱን ያባርሩት።»