ፌስታል የለበሰችው ካሜራ

ምላሷ ከካሜራዋ የሚፈጥን አንዲት ፎቶ አንሺ ነበረች አሉ። አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በቀለም ጥይት እየተታኮሱ ሲጫወቱ እንድታነሳ ተቀጠረች። ያለቻት ካሜራ አንዲት ብቻ ስለሆነች ሌንሷን በመስታወት ጋርዳ፣ የቀረውን በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርቅአገኘሁ ዐይናቸውን ከጥይቱ የሚከልለውን ጭንብላቸውን እንዳጠለቁ እየተጎማለሉ ቀረቧት።

«ይኼን ፌስታል ከነመስታወቱ አውልቂና ሰው ፊት አታሳፍሪን። ቀለም እንደሆነ ይታጠባል። እምቢ ካልሽ ሌላ ፎቶ አንሺ እናስመጣለን» አሏት።

ሠራተኞቹ ተኩሱን አቁመው አፍ አፏን ያዩ ጀመር። እሷም እምቢ ብትል ሥራው፣ እሺ ብትል ካሜራዋ እንደሚያመልጣት ገባት።

«እሺ ጌታዬ» አለች፤ «ግን አስቀድመው እርስዎ ጭንብልዎን ያውልቁ። ካሜራዬ ያላት አንድ ዐይን ነው፤ እርስዎ መለዋወጫ አለዎት።»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። አቶ ወርቅአገኘሁም ጭንብላቸውን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ «ፌስታሉ ይቆይ» አሉ።