ደወል ደዋዩ ጋሽ ምህረቴና የስምንተኛ ክፍሉ አሸናፊ

ጨፌ በር በምትባል ከተማ ጋሽ ምህረቴ የሚባሉ ደወል ደዋይ ነበሩ፤ እኛም የሰማነው ከሽማግሌዎች ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤቱን ደወል ደውለዋል። የጥያቄና መልስ ውድድር ሲኖርም መድረኩ ጥግ ይቆሙና፣ ተወዳዳሪው ጊዜውን ሲጨርስ ትንሿን ቃጭል ያቃጭሉበታል። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አስራደ ቢሻው የሚባለውን ፈጣን ልጅ ነበር። አስራደ አደገ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ የምክር ቤት አባልም ሆነ። እዚያ ምን እንደሠራ የሚያውቅ የለም፤ ስምንተኛ ክፍል ምን እንደሠራ የማያውቅ ግን አልነበረም፤ በሄደበት ሁሉ ያወራዋላ!

አንድ ጊዜ ወደ ጨፌ በር ሲመጡ ለክቡር አቶ አስራደ የአቀባበል ግብዣ ተደረገ። እሳቸውም ሥጋው ሳይነሳ ብድግ ብለው፣ «ስምንተኛ ክፍል ከሃያ ጥያቄ አሥራ ዘጠኙን መልሼ ያሸነፍኩ ሰው ነኝ! ጋሽ ምህረቴ ምስክሬ ነው» አሉ። ጋሽ ምህረቴ እጃቸውን ጠራርገው ተነሡ።

«እውነት ነው ክቡርነትዎ። ሃያኛውን ስላላወቁት ዝም አሉ። ያ ጥሩ ጠባይ አዲስ አበባ ጠፋብዎ።»

ሌላ ቀን ደግሞ የከተማው ሰው ተሰበሰበ። ልጃቸውን ክረምት ላይ አረንዛ ወንዝ የወሰደባቸው ወይዘሮ አበዙ ተነሥተው፣ «ቃል የገቡልን ድልድይ መቼ ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። ክቡር አቶ አስራደ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ዓለም ወንዞች ርዝመት አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱ። ወይዘሮ አበዙ እንደቆሙ ናቸው። ይሄኔ ጋሽ ምህረቴ ቃጭላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አቃጨሉ። ክቡርነታቸው ደንግጠው፣ «ምንድነው እሱ?» አሉ።

«ጊዜዎ አለቀ። እርስዎ ዓባይን ከምንጩ እስከ ባሕሩ ጨረሱት፤ እኛ ገና አረንዛን አልተሻገርንም።»

ጋሽ ምህረቴ በዚህ ተከሰሱ። ዳኛው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «በተከበረ ሰው ላይ እንድታቃጭል ማን አዘዘህ?» አሉ።

«ጌታዬ፣ የተቀጠርኩት መልሱ ሳይመጣ ጊዜው ሲያልቅ እንዳቃጭል ነው። የመላሹን ዕድሜ የነገረኝ የለም።»

ዳኛው ፊታቸውን በመዝገብ ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ግን ዳኛም የሚፈራው አለው፤ «ክቡርነታቸው ቤት ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ፤ አለዚያ ሦስት ወር ትታሰራለህ» ብለው ፈረዱ።

ጋሽ ምህረቴ ሄዱ። ክቡር አቶ አስራደ ከማለዳ እስከ ቀትር በር ላይ አስቆሟቸው፤ ከዚያ እንግዳ ወደሞላው ሳሎን አስጠሯቸው። ግድግዳው ላይ በሰፊ ክፈፍ የተሰቀለ ፎቶግራፍ አለ፤ አንድ ቀጭን ልጅ የተሸለመውን የዓለም ሉል አቅፎ ይስቃል።

«ይቅርታውን ቆይ» አሉ ክቡርነታቸው፣ እንግዶቻቸውን ዞር ዞር ብለው እያዩ። «መጀመሪያ ይህን ልጅ ታውቀው እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው።»

ጋሽ ምህረቴ ፎቶግራፉን ትክ ብለው አዩት። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ፣ ክቡር አቶ አስራደ የተከበሩ መስሏቸው ፊታቸው በራ።

«እንዴት አላውቀው! ብልህ ልጅ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።»