አልነሣም የተባለው ኮረብታ

ሦስት ወረዳዎች በሚገናኙበት ቦታ አናቱ ሜዳ የሆነ ኮረብታ አለ፤ ስሙ «አልነሣም» ይባላል። በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ከአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎችና ከየአድባራቱ የሚመጡ ሊቃውንት እዚያ ሳር ላይ ተቀምጠው፣ የትኛው ጥበብ ከየት እንደ መጣ፣ ማንስ ከማን እንደ ተማረ ጥናት ያቀርባሉ፤ ይከራከራሉ። ከተማው ውስጥ አዳራሽ ቢሠራላቸውም አልወረዱም። ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ የአገሩ ሽማግሌዎች ያወሳሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ፈንጣጣ አገሩን እየደጋገመ ይፈጅ ነበርና፣ ሕዝቡ ከታማሚ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በመብጣት እየከተበ ብዙ ልጆች ያተርፍ ነበር። ገዥው ፊታውራሪ አስጨናቂ ግን «ይህን ጥበብ ያመጡት አባቴ ናቸው፤ ከእኔ ሰዎች በቀር ማንም እንዳይከትብ» ብለው ነጋሪት አስጎሰሙ። የፊታውራሪው ሰዎች ደጃቸውን ያልጠናውን ሁሉ ስለሚመልሱ፣ በዚያው ክረምት ብዙ ሕፃናት ተቀበሩ። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ፊታውራሪው የሦስቱን ወረዳ ሊቃውንት ኮረብታው ላይ ሰብስበው፣ «ቃሌ እውነት ነው የሚል ይነሣ» አሉ።

ሁሉም ተነሣ። የባሕረ ሐሳብ መምህሩ መሪጌታ ይሄይስ ብቻ እንደ ተቀመጡ ቀሩ።

«መሪጌታ፣ እግርህን አሞሃል?»

«እግሬስ ደኅና ነው፤ አልነሣም። እናቴ የተከተበችው አባትዎ ሳይወለዱ ነው። የከተቧት ከቆላ ከብት እየነዱ የመጡ ሴቶች ናቸው፤ እነሱም ያስተማሯቸውን በስም ይጠሩ ነበር። የእነሱን ስም ፍቄ የአባትዎን አልተክልም።»

«ከርስትህ እነቅልሃለሁ!»

«ይንቀሉኝ። የሆነውን ግን አልሆነም አያሰኙኝም።»

ያን ጊዜ አለቃ ተድባብ ኩታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። እኒህ ሰው በበዓላት አቆጣጠር ከመሪጌታ ጋር ተጣልተው ሰላምታ ከተነፋፈጉ ዓመታት አልፈው ነበር። «በሒሳቡ ዛሬም ተሳስተሃል፤ በዚህ ግን ልክ ነህ» አሏቸው። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ በመጨረሻ ቆመው የቀሩት ፊታውራሪውና ወታደሮቻቸው ብቻ ነበሩ።

ፊታውራሪው እንደ ዛቱት የመሪጌታን ርስት ወርሰው ከአገር አስወጧቸው። እናቶች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዥውን ሰዎች ደጅ መጥናት ትተው፣ ልጆቻቸውን እያዘሉ ሊያስከትቡ በአደባባይ ወደ ቆላ ወረዱ። መሪጌታም በዓመቱ በዚያው ቀን ከተሰደዱበት መጥተው ኮረብታው ላይ ወጡ። ማንም ሳይጠራቸው ሌሎቹም መጡ፤ አንዱ የብረት ማቅለጥን፣ ሌላው የቀለም አወጣጥን ነገር ከነምንጩ ሊያስረዳ ተዘጋጅቶ ነበር። ወታደሮች እየጎተቱ አወረዷቸው፤ እነሱም በሌላው በኩል ዞረው ተመልሰው ወጡ፤ በዓመቱም እንዲሁ አደረጉ። በስተመጨረሻ የደከሙት ወታደሮቹ ናቸው ይባላል።

ዛሬም በዚያ ጉባኤ ማንም ለማንም አይነሣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በአጃቢ ተከበው ሲደርሱ፣ ከአጃቢዎቹ አንዱ «ተነሡ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ጥናቷን ታቀርብ የነበረችው ተመራማሪ ንግግሯን ገታ አድርጋ፣ «እንኳን ደኅና መጡ ጌታዬ፤ ይቀመጡ፣ ክርክሩ ገና አላለቀም» አለቻቸው። ባለሥልጣኑ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ከተቀመጠው ሰው አንድም የተነቃነቀ የለም። ኮታቸውንም አውልቀው ሳሩ ላይ ተቀመጡ።